ስለ አዳራሹ የጻፍኩት ደብዳቤ

ከመገናኛ ወደ ላምበረት ሲኬድ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ የሰፈራችን ቴአትር አዳራሽ ነበር። አርክቴክት የሚባል ሰው በአጠገቡ አላለፈም። የሰፈሩ ሰው ጭቃውን በእግሩ ረግጦ ያቆመው፣ ፊቱ ብቻ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቢጫ የተቀባ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። የትኬት መስኮቱ ዝቅ ብሎ ስለተሠራ ትልቅ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚቆርጠው። ቦሌ ያለውን የመስታወት ፎቅ ሁሉ ብትደረድሩልኝ አልለውጠውም ነበር።

በወጣትነቴ እዚያ ስጫወት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ ተዋናዩ ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል፣ ተመልካቹም ይጠብቃል። አንድ ቀን የሞተ ባሌን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ፤ ሟቹ እንቅልፍ ወስዶት ማንኮራፋት ጀመረ።

ከዚህ ጣጣ የገላገሉን ጎረቤታችን የነበሩ አናጢ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው። ኮርኒሱን በኮምፖርሳቶ ገጠሙ። ምስጥ የበላውን መድረክ ነቅለው በጽድ ጣውላ እንደ አዲስ ሠሩት፤ ከኋላ ለተቀመጠው እንድንታይም ወደ ፊት ትንሽ አዘነበሉት። ለዚህ ሁሉ አንድ የምስጋና ወረቀት እንኳን የሰጣቸው አልነበረም።

አምና በሩ ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። በቅርስነት ከተመዘገበ ይተርፋል የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ጋሼ በጠዋት ቤቴ ከች አሉ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ጻፊልን» አሉኝ። «ሌላው የሠራሁት ሁሉ በር ሆኖ፣ አልጋ ሆኖ በየሰው ቤት ገብቷል። ሄጄ የማየው እሱን ብቻ ነው።»

ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ሁለተኛው ገጽ እንዳለ ስለ እሳቸው ነበር፤ መድረኩን ነቅለው እንዴት እንደ አዲስ እንደሠሩት፣ ኮርኒሱን እንዴት እንደገጠሙት አንድም ሳላስቀር አሳምሬ ዘረዘርኩ። ሳነብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ኮፒውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ኮራሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከቅርስ ቢሮው የመጣው መልስ አራት መስመር ነው። አመልካቾቹ ራሳቸው እንደገለጹት መድረኩና ኮርኒሱ ስለተቀየሩ፣ አዳራሹ የቀድሞ ይዘቱን አልጠበቀም፤ ስለዚህ ሊመዘገብ አይችልም ይላል። ቢሮው ሮጥኩ። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ።

«እህቴ፣ ምን ላድርግ? እናንተው ናችሁ የጻፋችሁት» አለኝ።

«ሌላ ደብዳቤ ላምጣ?»

«ውሳኔው ሲስተም ውስጥ ገብቷል።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ ባልጽፈው ማን ያውቅ ነበር?

ለጋሼ «አልተሳካም» ብቻ አልኳቸው። ምክንያቱን አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ዶዘሩ የመጣ ቀን ከአጥሩ ማዶ ቆመን አየን። ግድግዳው ወዲያው ሄደ። መድረኩ ግን አልነቀል ብሎ ዶዘሩ ሁለቴ ተመለሰበት።

«ጽድ ነዋ» አሉ ጋሼ።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃቸው ገባሁ። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ፣ ራሳቸው በሠሩት ፍሬም ውስጥ፣ የደብዳቤዬ ሁለተኛ ገጽ ተሰቅሏል። ለመጣ እንግዳ ሁሉ እንደሚያሳዩት ልጃቸው ነገረችኝ።

«ዓይኔ ደክሟል፣ እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። «መድረኩን የነቀልኩበትን።»

ቆሜ አነበብኩላቸው።