ኑራ ትተርክልን የነበሩ የፍቅር ልቦለዶች

ዐረብ አገር፣ ሚሽሪፍ የሚባል ሰፈር ለቤት ሠራተኝነት የገባሁ ቀን ማዳም መጀመሪያ ያሳየችኝ የካውያውን ጠረጴዛ ነበር። «የባባ ዲሽዳሻ ላይ አንዲት እጥፋት ባይ እንጣላለን» አለችኝ። የባሏን ረጅም ነጭ ቀሚስ፣ ኮሌታውንና እጅጌውን ማጠንከሪያ እየረጩ መተኮስ የተማርኩት ያን ዕለት ነው።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ሐበሾች ነበርን። ልብስና ወጥ ቤት የኔ፣ ከኔ በኋላ የመጣችው ትዕግሥት ደግሞ ጽዳቱን ያዘች። በዕድሜ ስለምበልጣት «እትዬ» ትለኝ ነበር።

ኮሮና ገብቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማዳም ልጅ ኑራ ትምህርቷ ተዘግቶ ቤት መዋል ጀመረች። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት። የምታወራው ሰው ስታጣ፣ እኔ ስተኩስ ወለሉ ላይ ትቀመጥና የምታነባቸውን የእንግሊዝኛ የፍቅር ልቦለዶች በዐረብኛ ትተርክልን ጀመር። ትዕግሥትም መጥረጊያዋን ይዛ ትቆማለች።

ታሪኮቹ ይጥማሉ፤ እኔም እጠብቃቸው ነበር። በታሪኮቹ ውስጥ ያለችው ልጅ ሁልጊዜ ኃይለኛ ናት። ሰይፍ ትመዛለች፣ ከንጉሥ ጋር አፍ ትካፈታለች፣ «ማንም አያዘኝም» ትላለች። ከዚያ አንድ ልዑል ይመጣል። ሳትጠራው ይከተላታል፣ ደብዳቤዋን ይከፍታል፣ ያናገራትን ወንድ ሁሉ ያንቃል። በአንዱ መጽሐፍ «ለደኅንነትሽ ነው» ብሎ ክፍል ውስጥ ቆለፈባት። በሚቀጥለው ምዕራፍ ሳመችው።

«ክፈት ስትለው አልሰማትም?» አልኩ።

«ሰምቷታል» አለች ኑራ። «ግን እሷ እኮ ጠንካራ ሴት ናት። እሱም ለሌላ ሰው እንዲህ አይሆንም፤ ለሷ ብቻ ነው።»

«ፈርቶላት ነዋ፣ እትዬ!» አለች ትዕግሥት።

በዚያው ሰሞን ትዕግሥት ማንጋፍ የሚባል ሰፈር ከሚኖር ያገራችን ልጅ፣ ከአንድ የኩባንያ ሹፌር ጋር በስልክ ተዋወቀች። በቪዲዮ ይደውልና ከማን ጋር እንዳለች ክፍሉን ሁሉ አዙራ እንድታሳየው ያደርጋታል። ቶሎ ካላነሳች ይሰድባታል።

«ይሄ ሰው አላማረኝም» አልኳት።

«ስለሚወደኝ ነው የሚቀናው። ልክ ኑራ እንደምታወራው።»

ሰዓት እላፊው ሲላላ፣ አንድ ዓርብ ለዕረፍቷ ወጥታ በዚያው ቀረች። ማዳም «ትዕግሥት ጠፍታለች» ብላ ለፖሊስ ልታመለክት ተነሳች። ይህ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃዷ ይሰረዛል፤ ከተያዘችም እስር ነው። «ማዳም፣ እስኪ ትንሽ ታገሺኝ» ብዬ ለመንኳት። እያጉረመረመች ተወችው።

ከቀናት በኋላ ትዕግሥት ደወለች። ድምፅዋ አይሰማም ማለት ይቻላል።

«እትዬ፣ ማንጋፍ እሱ ቤት ነኝ፤ ሥራ ሲሄድ ከውጭ ይቆልፍብኛል። በሽታው እንዳይዝሽ ብዬ ነው ይላል። ስልኬን ደብቆት ነበር፣ አሁን ገና አገኘሁት።»

«መታሽ?»

የሕንፃውን ስም ብቻ ነገረችኝ።

ኑራ አጠገቤ ነበረች። አማርኛ ባትሰማም ፊቴን አይታ «ምን ሆነች?» አለችኝ። ነገርኳት። ያነበበችውን መጽሐፍ ሁሉ የረሳች ይመስል እየጮኸች ወደ እናቷ ሮጠች፦ «ማማ፣ ቆልፎባታል! አስሯታል!»

ማዳም ጥቂት አሰበችና ከላይ የምትደርበውን ጥቁር አባያዋን ለበሰች። የቤቱ ሹፌር እሷንና እኔን ይዞ ማንጋፍ አደረሰን። የሕንፃው ዘበኛ ተከራዩ ሳይኖር አልከፍትም አለ። «አንተ ካልከፈትክ ፖሊስ ይከፍተዋል» አለችው ማዳም። መለዋወጫ ቁልፉን አመጣ። ትዕግሥት በነጠላ ጫማ ወጣች፤ አንድ ዓይኗ አብጧል። እቅፍ አደረግኋት። ኮሮና መኖሩንም ያኔ አላሰብኩም።

ቤት ስንደርስ ማዳም እጇን ዘረጋች። «ስልክሽን አምጪ። ከእንግዲህ እኔ ጋ ይቀመጣል፤ ዓርብም መውጣት የለም። ለራስሽ ጥቅም ነው።»

ትዕግሥት ስልኩን አቀበለቻት።

«ማማ፣» አለች ኑራ፣ «እሱም እኮ እንደዚህ ነው ያላት።»

ማዳም ልጇን አፍጥጣ አየቻት። የምትመታት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። ትዕግሥት አነሳችው።

ትዕግሥት ኮንትራቷን ጨርሳ ሐዋሊ የሚባል ሰፈር ፀጉር ቤት ሥራ ገባች። ኑራ ማንበቧን ቀጠለች፤ ስትተርክልኝ ግን ልዑሉ የልጅቷን እምቢታ ያልሰማበት ቦታ ላይ ቆም ትላለች።

እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ቤት አይቻለሁ። እህቴ፣ ጠንካራ ነሽ የሚልሽ ሰው ብዙ ነው። «አልፈልግም» ስትዪ የሚያቆመውን ግን ለይተሽ እወቂ።