ለባለሞላ ጠመንጃ ብቻ

ይህን ታሪክ ስጀምር ድምፄ እንደሚወፍር ባለቤቴ ሁልጊዜ ይነግረኛል። ይወፍራል። ዓመታት አልፈዋል፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም፣ እንዲበርድልኝም ለምኜ አላውቅም።

መቱ ላይ የአየር ጠመንጃ የሚታየው በበዓል ነው። በጥምቀት ሰሞን አንዱ ጣውላ አቁሞ ከረሜላና ክብሪት ይደረድራል፣ ጎረምሳው ተሰልፎ ይተኩሳል፣ የመታ የመታውን ይወስዳል። አባቴም በየበዓሉ እንዲህ ያለ ጣውላ ያቆም ስለነበር ከልጅነቴ ጀምሮ መተኮስ እችላለሁ። ከጣውላው ፊት ወስደው ጫካ ያስገቡኝ ግን የስፖርት መምህሬ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ሳይንስ አስተምር ነበር።

ጋሼ አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው መጡና ቪዲዮ አሳዩኝ። ፈረንጆች ጫካ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እዚህም እዚያም በተተከሉ ትንንሽ የብረት ዒላማዎች ላይ በአየር ጠመንጃ ይተኩሳሉ። ብረቱ መሐል ቀዳዳ አለው። ጥይቷ በቀዳዳው ካለፈች ከኋላ ያለውን ማስጣያ ብረት ትነካለች፣ ዒላማው ይወድቃል። ጠርዙን ከመታች ጧ ብሎ ይቀራል።

«ይኼ እኛን ያቅተናል?» አሉኝ።

አላቃተንም። አንድ በያጅ ብረቱን ቆርጦ ሠራልን፤ ቀዳዳውን በሲኒ አፍ ለካነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሶር ወንዝ የሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ አንዱን ከዛፍ ሥር፣ አንዱን ከጉቶ ጀርባ፣ አንዱን ከገደሉ በታች ተከልናቸው። ለመቀመጫ ጆንያ ውስጥ የቡና ገለፈት ሞላን። ርቀቱን የሚነግርህ የለም፤ በዓይንህ ገምተህ ነው የምትተኩሰው። ነፋሱ ደግሞ ከወንዙ ሲነሳ የእርሳስ ጥይቷን እንደ ገለባ ይወስዳታል።

ሕጉን ያወጡት ጋሼ ናቸው። በጣውላ ላይ በቀለም፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፈው መግቢያው ላይ ቸነከሩት፤ ለባለሞላ ጠመንጃ ብቻ። ምክንያት ነበራቸው። የኛ ሰው ያለው ባለሞላ ነው። አፈሙዙን ሰብረህ፣ ማለትም ወደ ታች አጥፈህ፣ ሞላውን ትወጥራለህ፣ ቃታውን ስትስብ ሞላው ይፈነጠራል፣ ጥይቷ ገና ሳትወጣ ጠመንጃው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይራገጣል። አጥብቀህ ከያዝከው ይስታል፤ እንደ ሕፃን ለስለስ አድርገህ መያዝ አለብህ። ያንን ለመልመድ ዓመታት ፈጅቶብኛል። አስቀድሞ አየር በፓምፕ የሚሞላው ዘመናዊ ጠመንጃ ግን ንቅንቅ አይልም። ማንም ሰው በአንድ ሳምንት ይለምደዋል።

ውድድሩ አደገ። ከጎሬ፣ ከያዮ፣ ከበደሌ፣ ከኡካ ሰው ይመጣ ጀመር። ከዳሪሙ በእግሩ የሚመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ጠመንጃው ከበቆሎው ላይ ዝንጀሮ የሚያባርርበት ነው፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጎማ ታስሯል። ወደ ቁልቁል ሲተኩስ እሱን የሚያህል ሰው አላየሁም። ወዳጄ ሆነ።

ነገሩ በተፈጠረበት ዓመት እኔና እሱ እየመራን ነበር። ሦስተኛው እንግዳ ነው። መቱ ተወልዶ አዲስ አበባ ነግዶ የከበረ ሰው፤ ዋንጫውን የገዛውም እሱ ነው። ከምሳ በኋላ ወደ መኪኖቹ ሳልፍ ሾፌሩ ላብ በላብ ሆኖ የእንግዳውን ጠመንጃ በፓምፕ ሲሞላ አየሁ።

በቀጥታ ጋሼ ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የእንግዳው ጠመንጃ ባለሞላ አይደለም።»

«አይቻለሁ» አሉኝ፤ ዓይኔን ሳያዩ።

«ካዩ ታዲያ ለምን ያስተኩሱታል?»

«እንግዳ ነው። ለወጣቶቹ የስፖርት አዳራሽ ሊሠራልን ቃል ገብቷል። በአንድ ጠመንጃ እናስቀይመው?»

«ሕጉን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«አየር ያው አየር ነው፣ ልጄ።»

ይህን የሚሉኝ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ስለ ሞላ ርግጫ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሌላ ሰው ቢለኝ እስቅ ነበር።

ለገበሬው ነገርኩት። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አነገተና «ሂን ታኡ» አለ፤ አይሆንም ማለቱ ነው። በመጣበት መንገድ ወደ ዳሪሙ ተመለሰ። እኔ ግን ቀረሁ። ልረታው እችላለሁ ብዬ ነው።

ነፋሱ ተነሳ። የገደሉን ዒላማ ጣልኩ፣ የጉቶውንም ጣልኩ። ከወንዙ አጠገብ ያለው የመጨረሻው ላይ ሞላው ሲራገጥ ጥይቴ ከቀዳዳው ጠርዝ ተጋጨች፤ ጧ አለ፣ ብረቱም ቆሞ ቀረ። እንግዳው ተቀመጠ፣ ጠመንጃው ፍንክች ሳይል ተኮሰ፣ ዒላማው ወደቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

ዋንጫውን ከጋሼ እጅ ተቀበለና ወደኔ እያየ «ለሴት ጎበዝ ናት» አለ።

ለኔ ሜዳሊያ ሊያጠልቁልኝ ሲመጡ አንገቴን አላጎነበስኩም። «ይህ ውድድር አይደለም» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ሕጉ እዚያ ተቸንክሯል፤ ማንበብ የሚችል ያንብብ።» አብረውኝ ለዓመታት የተኮሱ ሰዎች መሬት መሬት አዩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ምን ዓይነት ድፍረት ነው» ስትል ሰማሁ። የደፈረው እሱ፣ ደፋር የተባልኩት እኔ።

በዚያ አላበቃም። በሳምንቱ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ጋሼ ናቸው የላኳቸው። እንግዳው ተቀይሟልና ስልክ ደውዬ ይቅርታ እንድጠይቅ ነው። አስቀመጥኳቸው፣ ሻይ አፈላሁላቸው፣ እስኪጨርሱ አዳመጥኳቸው።

«የበደለ ነው ወይስ የተበደለ ይቅርታ የሚጠይቀው?» አልኳቸው።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ለከተማው ስትይ» አለ አንዱ።

«እናንተን አከብራለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ለላኳችሁም እንዲሁ ንገሩልኝ።»

ያን ቀን ሽማግሌ አሳፍራ መልሳለች ተባልኩ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ ሰላምታ የነፈጉኝ ነበሩ። አዳራሹ? መሠረት ተቆፈረ፣ ፎቶ ተነሱበት፣ ክረምቱ መጣና ጉድጓዱ ውኃ ቋጠረ። እስከ ዛሬ ውኃ ነው። ሰው በዚህ ደስ ይበልሽ ይለኛል። ምኑ ደስ ይለኛል? ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ጭቃ ላይ ናቸው።

በሚቀጥለው በጋ ዳሪሙ ሄጄ ገበሬውን አገኘሁት። ኡካ አጠገብ የዘመዱ መሬት ነበርና የራሳችንን ዒላማ እዚያ ተከልን። ሕጉን በጽሑፍ አላደረግነውም። የሚወዳደር ሁሉ መግቢያው ላይ፣ ፊታችን አፈሙዙን ይሰብራል፤ ከተሰበረና ሞላው ሲወጠር ከሰማን ይገባል። ካልተሰበረ ጠመንጃውን መኪናው ውስጥ መልሶ ቁጭ ብሎ ያያል።

መጀመሪያ የመለስኩት የባለቤቴን ወንድም ነው። አዲስ የገዛውን ባለፓምፕ ይዞ፣ እየሳቀ መጣ። «እኔንም?» አለኝ። «አንተንም» አልኩት። ከመኪናው አልወረደም፤ ዞሮ ሄደ። በዚያ ምክንያት ባለቤቴ ለብዙ ቀን አኩርፎኝ ነበር፣ ቤተ ዘመድም በአንድ አፍ ተናገረኝ። ግድ የለኝም ብል ውሸት ነው። ግን ሲመሽ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

ሦስተኛው በጋ ላይ ጋሼ መጡ። በሚኒባስ፣ አሮጌ ጠመንጃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ከስተዋል። ተራቸውን ጠብቀው ፊቴ ደረሱ። ሳትጠይቀኝ ታሳልፈኛለች ብለው የጠበቁ መሰለኝ።

«ይስበሩት» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና ሰበሩት። ሞላው ተወጠረ። በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው፣ አለፉ።

ጆንያው ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ስላስቸገራቸው ገበሬው ክንዳቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። እኔ አልሄድኩም። ከመተኮሳቸው በፊት ወደኔ ዞሩና «ያኔ መቱ ላይ…» ብለው ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ተራዎት ነው» አልኳቸው። «ሰው እየጠበቀ ነው።»

ተኮሱ። ሁለቱን ጣሉ፣ የቀረውን ሳቱ። ያን ቀን ያሸነፈው ገበሬው ነው፤ እኔ ሁለተኛ ወጣሁ፣ ሜዳሊያውንም አጎንብሼ ተቀበልኩ።

ማታ ወደ መቱ የሚመለሰው ሚኒባስ ላይ የቀረው ቦታ ከጋሼ አጠገብ ብቻ ነበር። ተቀመጥኩ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው አወራን። ያን ያቋረጥኩትን ነገር ደግመው አላነሱትም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። መቱ መናኸሪያ ስንደርስ ጠመንጃቸውን አወረድኩላቸው፤ ባጃጅ ጠርቼ አሳፈርኳቸው። አከብራቸዋለሁ። እንደተናደድኩባቸውም ነኝ።