ለዶኛ ማርታ የዋሸሁት ጾም

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን። ዛሬ ጠዋት ባልቀባጥር ኖሮ ለእናንተም አልነግራችሁም ነበር። እዚህ በሰው አገር ትቬትስቱጋ ወደሚሉት የሕንፃችን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ወርጄ ልብሴን ከማሽኑ ሳወጣ ጎረቤቴ አልማዝ፣ «ጋሼ፣ ዶሮ ሠርቻለሁ፤ ምሳ እኔ ጋ ነዎት» አለችኝ። አልማዝ በርበሬ ላይ እጇ አይሰስትም፤ የእኔ ጨጓራ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። «ጾም ላይ ነኝ» አልኳት።

«በሃምሳው?» ሳቋ የማድረቂያውን ጩኸት ዋጠው። «ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንቱ እኮ ነው! ጾሙን ለብቻዎ ነው ያወጁት?»

በሃምሳው መነኩሴ እንኳ እንደማይጾም ጠፍቶኝ አይደለም። ምላሴ ለምዶ ነው። ይህችን ውሸት መጀመሪያ የዋሸኋት ማያዎች አገር ነው።

ያኔ ሆስፒታል በሽተኛ በአልጋ እየገፋሁ አመላልስ ነበር። የዓመት ዕረፍቴን አጠራቅሜ፣ ያለ አስጎብኚ፣ ቦርሳዬን አዝዬ ጓቲማላ ገባሁ። ብቻዬን እችላለሁ ባይ ነበርኩ፤ ካርታ ገልብጦ የሚይዝ ጀግና! አውቶቡሱ ጫካ መሃል ተበላሽቶ፣ ቲካል ከሚባለው የጥንት ማያዎች ከተማ ፍርስራሽ አጠገብ ካለች መንደር ስደርስ ሆዴም እግሬም አኩርፈውኝ ነበር። ማደሪያ የሰጠችኝ ዶኛ ማርታ ናት፤ ዶኛ የሚሉት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። ባሏ ዶን ፔድሮ የፍርስራሹ ዘበኛ ነበር።

ለእንግዳዋ ብላ ተርኪ አርዳ፣ በቀይ በርበሬ ሾርባ ሠርታ አቀረበችልኝ። ሆዴን አሞኛል ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ክብር አማረኝ። በተሰባበረ ስፓኒሽ፣ ጾም ላይ ነኝ፣ ሃይማኖቴ ጥብቅ ነው አልኩ። እኔ! ዓቢይ ጾምን ባቡር ጣቢያ ላይ ቋሊማ እየገመጥኩ የማሳልፈው እኔ!

ሴትዮዋ አልተቀየመችም። ድስቱን አንስታ ተመለሰችና አጠገቤ ተቀመጠች። ልጇ ሮሳ ከወለደች ጀምሮ ትኩሳት ይዟት ጓዳ ተኝታ ነበር። የሚጾም ሰው ቤቷ መግባቱን የእግዜር ምልክት አደረገችው። ጸልይላት፣ እኔም አብሬህ እጾማለሁ አለችኝ። ዋሽቼ ነው ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም። አላልኩም።

የወለደች ሴት ትኩሳት ሲይዛት ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። ስንቷን እየሮጥኩ ወደ ሐኪም ገፍቻለሁ! ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጧት ለማለት አንድ አረፍተ ነገር በቂ ነበር። ፈራሁ። ጾምህስ አይበቃም ወይ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ። ለሐሰተኛ ክብሬ ስል ዝም አልኩ እኔ።

ሦስት ቀን ጾመች፤ እስከ ማምሻ እህል አትቀምስም። በሦስተኛው ቀን የእኔ ሆድ ተሻለው። ከፍርስራሹ መግቢያ ግማሽ ጥብስ ዶሮ ገዝቼ ከትልቁ ፒራሚድ ጀርባ ተወሸቅሁ። ቅልጥም እየጋጥኩ ቀና ስል ዶን ፔድሮ ቆሟል። ቢሰድበኝ ምናለ!

«እንዳትነግራት» አለኝ ቆቡን እያሻሸ። «ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ትንሽ ውሃ ጠጥታለች። ማርታ በጾሙ ነው ብላለች። እንዳትነግራት።»

ያኔም ሐኪም ቤት አላልኩም። እጄ ላይ ያለው ቅባት አሳፈረኝና እሱን ስጠርግ ሄደ። በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወጣሁ። ጓዳውን ዞሬ እንኳ አላየሁም። ሮሳ ዳነች? ሕፃኑስ? አላውቅም። አለማወቄን የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ። ስለ ፒራሚዶቹ ሲጠይቁኝ አፍ አስከፍታለሁ፤ በደንብ ትዝ የሚለኝ ግን ያቺ ጓዳ ብቻ ናት።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ዶኛ ማርታ ስለ እኔ ውሸት ሦስት ቀን ተርባለች። ከዚያ ወዲህ ማንም ባላዘዘው ተራ ቀን፣ እስከ ማምሻ፣ ከሦስቱ ሁለቱን ጾሜላታለሁ። ሦስተኛውን በጀመርኩ ቁጥር ቀትር ላይ ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ። አንዷ ቀን እስከ ዛሬ አለችብኝ።