አሥር ሺህ ሃያ ሜትር

ገብረየስ መጽሐፉን ሲቀበል መጀመሪያ የፈለገው ስሙን ነበር። የለም። ሽፋኑ ላይ «የጠፈር መርከቦች ውጊያ፤ ደንብና ልኬት፤ በአብኔዘር» ይላል። ውስጡ ግን ከላይ እስከ ታች የእሱ ነው፤ ትንሹ መርከብ ኮርቬት ለቅኝት፣ መካከለኛው ፍሪጌት ለአጀብ፣ ትልቁ ክሩዘር ብቻውን ርቆ ለመዋጋት።

«እንደረዱት እንኳ አልጻፈም» አለችው መጽሐፉን ያመጣችለት ሳምራዊት። እሷም አብኔዘርም ሰሚት ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠረጴዛ ላይ በትንንሽ የጠፈር መርከቦች የሚዋጉ ወጣቶች ናቸው።

ገብረየስ ወጣትነቱን የጨረሰው ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ ሞተር ክፍል ነው። አሁን ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አናጺ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ መርከብ ይጥረቡልን ብለው ሲመጡ በጨዋታው ልኬት ሦስት ኪሎ ሜትር የሚረዝም «ጀልባ» አዘዙት። ሳቀባቸው። «መርከብን መርከብ የሚያደርገው ሥራው ነው» አላቸው፤ «ደግሞ ሲቃጠል የሚሮጥለት ሰው።» እሳትን ያውቃል። በጠባብ መተላለፊያ የውሃ ቱቦ እየጎተተ ሮጦ ያልደረሰላቸው ሁለት ጓደኞች ነበሩት። ደንቡንም ከዚያ አወጣው፤ ለየሃያ ሜትሩ አሥር መርከበኛ የሌለው መርከብ እሳት አያጠፋም። ሁለት ክረምት ደብተር ላይ ሲጽፈው ከረመ። አብኔዘር «ላንብበውና ልመልስልዎ ጋሽ ገብሬ» ብሎ ወሰደው፤ በሳምንቱም መለሰ።

ገብረየስ ሊጮህ አፉን ከፍቶ ሳለ ዓይኑ የፍሪጌቱ መስመር ላይ አረፈ። «ርዝመት 10,020 ሜትር፤ መርከበኛ 90።»

ደብተሩን አወጣ። ልጅነቱን ቄስ ትምህርት ቤት ያሳለፈ ሰው ነውና ቁጥር የሚጽፈው በግዕዝ ነው። ፍሪጌቱ ላይ ፻፳ ይላል፤ መቶ ሃያ። አብኔዘር ፻ን ፼ ብሎ አንብቦታል፤ መቶውን አሥር ሺህ።

«ይንገሩትና ያርመው» አለች ሳምራዊት።

«አንቺም ዝም በይ። ቅዳሜ ልጫወት እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት የሰሚቱ ኮንዶሚኒየም አዳራሽ ሞልቷል። አብኔዘር አራት ፍሪጌት ደረደረ፤ ገብረየስ ስድስት ኮርቬት።

«ጋሽ ገብሬ፣ በነዚህ ትንኞች ነው የሚገጥሙኝ?»

«ያንተ ፍሪጌት ከመገናኛ ተነስቶ ሰሚትን ያልፋል አሉ። አልበዛም?»

«ጠፈር ሰፊ ነው ጋሼ! በጥናት ነው የሠራሁት።»

«በጥናት» አለ ገብረየስ። «ጎበዝ።»

ሦስት ኮርቬት ወዲያው ጠፋበት። አራተኛው ተጠግቶ አንዲት ጥይት አሳረፈ። የዕድሉ ኩብ፣ ዳይሱ፣ ተጣለ፤ ዕጣው እሳት ሆነ።

«ስንት ሰው ያጠፋዋል?» ሲል ጠየቀ ገብረየስ።

ሳምራዊት በየሃያ ሜትሩ አሥር እያለች ስልኳ ላይ አሰላች። «አምስት ሺህ አሥር።»

«ስንት አለህ አብኔዘር?»

አብኔዘር መጽሐፉን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። «ዘጠና።»

«የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ እንኳ ከዚህ ይበልጣል!» አለ አንዱ ከኋላ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አራቱም ፍሪጌቶች ተራ በተራ ነደዱ።

«የኅትመት ስህተት ነው» አለ አብኔዘር።

«ከምን ሲገለበጥ የተሳሳተ?» ገብረየስ ደብተሩን ዘረጋለት። «ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ።»

«አሥር ሺህ…» ብሎ ጀመረ አብኔዘር።

«መቶ ነው። የሰው ድካም ስትወስድ ቢያንስ ማንበብ ቻል።»

ሁሉም ተጠግተው የደብተሩን ጽሑፍ አዩ፤ መጽሐፉ የማን እንደሆነ ገባቸው።

«ይቅርታ ጋሼ። ሁለተኛው እትም ላይ ስምዎን አስገባለሁ።»

«ሁለተኛውን ማን አየው? እስክሪብቶ ያዝ።»

ለሽያጭ የቀረቡት አርባ መጻሕፍት ጥግ ላይ ተከምረዋል። አብኔዘር እየጎነበሰ፣ በእያንዳንዱ ሽፋን ላይ የራሱን ስም እየሰረዘ «ገብረየስ» ብሎ ይጽፍ ጀመር። ገብረየስ ይህን ቀን ሲያስብ ደረቱ ውስጥ የተቀመጠው ነገር የሚቀልለው መስሎት ነበር። አልቀለለም። እንዲያውም አንዱ ስም ሲጻፍ ሌላ ስም አማረው። ሰው የተነጠቀውን ሲያስመልስ የማይጠግበው፣ ያ የተናቀበት ቀን አብሮ ስለማይመለስ ይሆን? መልሱን አላወቀውም፤ ለማወቅም አልቸኮለም።

አሥራ ሁለተኛውን ሲጨርስ አብኔዘር እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«በቃ ጋሼ፣ ገባው እኮ» ስትል ሳምራዊት ጆሮው ሥር አንሾካሾከች።

ገብረየስ ወንበር ስቦ ከአብኔዘር ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«ሃያ ስምንት ይቀራል» አለ።