የጓሮው ደረጃ

ሂዳያ ኢስትሊ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር፣ ከአንድ የገበያ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ከጅማ ወጥታ ናይሮቢ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። የፎቁ ነጋዴዎች ሊቀ መንበር ሲያደርጓት አልፈለገችም ነበር፤ ከተመረጠች በኋላ ግን ሥራውን የምር ያዘችው።

አምና የሕንፃው ባለቤት በጓሮ በኩል ያለውን የአደጋ ጊዜ ደረጃ አስደፍኖ ስድስት ሱቅ ሊያወጣበት አሰበ። ለዚህ የነጋዴዎቹ ስምምነት፣ ማለትም የሂዳያ ፊርማ አስፈለገው። ሥራ አስኪያጁን አብዱልፈታን ላከባት።

«አንዱ ሱቅ ያንቺ ነው። አንዱ ደግሞ የእህትሽ የዛራ» አላት።

«እሳት ቢነሳ ሰው በየት ይወርዳል?»

«በፊት ለፊቱ ነዋ።»

«ያ ሁሉ ጥቅል ጨርቅ ተቆልሎበት? አልፈርምም።»

ዛራ የራሷ ሱቅ እንዲኖራት ስትመኝ የኖረች ናት። ሂዳያ ቤት ድረስ መጥታ አለቀሰችባት። ሂዳያ ያን ቀን ምግብ አልቀመሰችም፤ ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። ነጋዴዎቹም ባለቤቱ እንዳይቀየማቸው ፈርተው ስብሰባ ጠሩ። ሀቢብ የሚባል ጫማ ሻጭ ተነስቶ «ፈርመሽ ገላግይን» አላት።

«የመረጣችሁኝ እንድጠብቃችሁ መስሎኝ። ፊርማ ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ምረጡ፤ የእኔን አታገኙም።»

መረጡ። ሀቢብ ሊቀ መንበር ሆነና በሳምንቱ ፈረመ።

ግንበኞቹ ብሎኬት ተሸክመው ሲመጡ ሂዳያን ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኟት። አብዱልፈታ ተጠርቶ መጣ።

«አንቺ እኮ አሁን ሊቀ መንበር አይደለሽም።»

«ለመቀመጥ ሹመት አያስፈልግም» አለችው።

ዘበኞቹ እንዲያነሷት አዘዘ። ይሄኔ ኩለሱም መጣች፤ ሂዳያ እንድትሻር እጇን ያወጣች ሽቶ ሻጭ ናት። የስምንት ወር ሆዷን ይዛ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እኔ በዚህ ሆዴ ጥቅል ጨርቅ እየዘለልኩ አልወርድም» አለች።

ሌሎች ሴቶችም ተከተሏት። ዘበኞቹ ነፍሰ ጡር መንካት ፈርተው ቆሙ። ሴቶቹ ሦስት ቀን እየተፈራረቁ ደረጃውን ጠበቁ፤ በአራተኛው፣ ነጋዴው ወደ ሴቶቹ ማዘንበሉን ያየው ሀቢብ ራሱ ስምምነቱን መሰረዙን ለባለቤቱ በደብዳቤ አስታወቀ።

ደረጃው አልተደፈነም። ሂዳያ ግን የኪራይ ውሏ ሲያልቅ አልታደሰላትም፤ ዕቃዋን ጭና መንገድ ተሻግራ ሌላ ሕንፃ ገባች። ዛራ እስካሁን አታናግራትም። ሊያስታርቋቸው የሚመጡ ሽማግሌዎችን ሂዳያ በክብር አስቀምጣ ታዳምጣለች፤ መልሷ ግን አንድ ነው።

«ሱቁን ያስቀረሁባት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ነገ ብትጠይቁኝም ግን አልፈርምም።»