ለቅበላ የተወጋው ፍሪጅ

ፀዳ ካለው ቤቴ ዕቃ ሁሉ የምሳሳለት ፍሪጁ ነበር። ለምግብ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለእናቴ የስኳር መርፌ ነው። እናቴ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ለሕክምና መጥታ እኔ ዘንድ ከቀረች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። በየሳምንቱ "ልጄ፣ ወደ አገሬ ስደጂኝ እንጂ" ትለኛለች። እኔም በየሳምንቱ "መድኃኒቱን የት ልታኖሪው ነው? እዚያ ፍሪጅ የለ!" እላታለሁ። ዝም ትላለች። እውነቱን ከተናገርኩ፣ ልጄን ድሬ ከሸኘሁ ወዲህ ብቻዬን መቅረቱን ፈርቼው ነው። ፍሪጁ ግን ሸጋ ምክንያት ሆነኝ።

ስለዚህም ተንከባክቤ ነበር የምይዘው። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘር ገዛሁለት። የበሩን ጎማ በየሳምንቱ በሞቀ ውሃና በሳሙና እጠርገዋለሁ፤ ከኋላው የሚጠራቀመውን አቧራ በብሩሽ አራግፋለሁ። ጎረቤቶቼ ግድግዳ ላይ ለጥፈው፣ አናቱን ዳንቴል አልብሰው ሲያፍኑት ሳይ ቆሽቴ ያርራል። "እናንተ ሰዎች፣ ይተንፍስበት እንጂ!" እላለሁ። እንዲህ ስል የኖርኩት ሴትዮ ነኝ እንግዲህ ያንን ያደረግሁት።

በእኛ ዘንድ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ቅቤና ሥጋ የነካው ዕቃ ሁሉ ይታጠባል። እናቴ ፍሪጁንም ከድስቱ ጋር ቆጥራዋለች። የቅበላ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰች ከፍታ አሸተተችው።

"ምነው፣ ይኼ ቅቤ ቅቤ ይላል! ነገ የጾም ወጤን ከዚህ አውጥቼ ልበላ ነው?"

ነቅዬው እስከ ማታ ብተወው ውስጡ የጋገረው በረዶ በራሱ ጊዜ ቀልጦ ያልቅ ነበር። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ድስት ተጥዷል፤ የቧንቧ ውሃ የመጣው ዛሬ ነው፤ ነገ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል? እናቴ መድኃኒቷን በፌስታል ቋጥራ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀመጠች። እኔ የሽንኩርት ቢላዋ አነሳሁ።

ሁለት ሦስት ጊዜ ስወጋው ትልልቅ በረዶ እየተገመሰ ወደቀልኝ። ደስ አለኝ። በአራተኛው ግን "ስስስ" አለ። የጋዙን ቱቦ በስቼዋለሁ። ቀዳዳውን በአውራ ጣቴ ደፈንኩት፤ ምን ሊረባኝ! ጋዙ በጣቴ ሥር እየቀዘቀዘ አለቀ።

"ምንድን ነው የሚያፏጨው?" አለች እናቴ ከጓዳ።

"ምንም!"

መልሼ ስሰካው አምፖሉ ቦግ አለ። እንዲያውም ተስፋ አደረግሁ፣ አይ እኔ! እስከ ጠዋት ውስጡ እንደ ቁም ሣጥን ሆኖ አደረ።

ሰኞ የመጣው ጠጋኝ ገና ሲያየው ሳቀ። "እትዬ፣ ዛሬ እርስዎ አራተኛዬ ነዎት። ሁሉም የቅበላ ቢላዋ ነው።" ቀጥሎም ያን ያህል በረዶ የሚሠራው በሩ ሲበዛ እየተከፈተ ሙቅ አየር ሲገባ ነው አለኝ። "ማን ነው እንዲህ የሚከፍተው?" እናቴ አቀረቀረች። እሷ ናት፤ በቀን አሥር ጊዜ ከፍታ መድኃኒቷን ታያለች፣ የሚሄድባት ይመስል። ቱቦው ተበይዶ ጋዝ እስኪሞላ ሁለት ሳምንት ይፈጃል ብሎ ፍሪጁን በጋሪ አስጭኖ ሄደ።

የቆርቆሮው ጣሪያ በዚያ ወር እሳት ነው። የሁለት ወር መድኃኒት እጃችን ላይ አለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የወጋሁት እሷን መሰለኝ።

እናቴ ለልቅሶዬ ግድ አልሰጠችም። ጓዳ ገብታ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ማሰሮ ይዛ ወጣች። ትንሹን ከትልቁ ውስጥ አስቀመጠች፤ መሃሉን ከደጅ በዘገነችው አሸዋ ሞላችው፤ አሸዋውን በውሃ አራሰችው። ብልቃጦቹን ትንሹ ማሰሮ ውስጥ አድርጋ እርጥብ ጨርቅ ከደነችበት። እጇ አንዴም አላመነታም።

"ይኼን ማን አስተማረሽ?" አልኳት።

"ሐኪም ቤት ነዋ። ነርሷ ፍሪጅ ለሌለው የገጠር ሰው ስትናገር። አንቺም አጠገቤ ነበርሽ።"

ክው አልኩ። ነበርኩ። ነርሷ ያንን ስትናገር እናቴ ባልሰማች ብዬ እየተመኘሁ ቦርሳዬን ስበረብር ነበር።

"ታዲያ ሰምተሽ ምነው ዝም አልሽ?"

"ብቻሽን መሆኑን ፈራሽዋ። እስኪለምድሽ ብዬ ነው።"

"ሦስት ዓመት ሙሉ?"

"እንግዲህ አልለመደሽም፣ ምን ላድርግ?" አለችና ሳቀች። እኔ መሳቁም ማልቀሱም ጠፋኝ። እኔ ነኝ ያስቀረኋት ስል ለካ እሷ ናት የጠበቀችኝ።

ፍሪጁ ተጠግኖ መጣ፤ እንደ ድሮው ይሠራል። እናቴ ግን መድኃኒቷን ከማሰሮው አላወጣችም። እኔም አውጪው አላልኳት። በቀጠሮዋ ቀን ነርሷ ማሰሮው ደህና እንደሆነ፣ የጃናሞራ ብርድማ እንደሚሻለው ስትነግረን ቦርሳዬን አልነካሁም።

ከፋሲካ በኋላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ረዳቱ ማሰሮውን ከጣሪያ ልጫነው ቢላት እምቢ አለች፤ ጭኗ ላይ አቅፋው ሄደች። አሁን በየእሑዱ እንደዋወላለን። ስኳሯ ደህና ነው።

ዘንድሮ ለቅበላ ፍሪጁን በወጉ ላጥበው ብዬ ከጠዋት ነቀልኩት። ሥሩ ጨርቅ አነጠፍኩ፤ በረዶው በራሱ ጊዜ እስኪቀልጥ ልጠብቅ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። ከዚያ በሩን ከፈትኩት። በረዶ የሚባል አልያዘም፤ እየከፈተ የሚያየው ሰው የለማ። አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ አበስኩትና መልሼ ዘጋሁት።