ወፍጮ ያልደረሰው ገብስ

የእህቴ ልጅ ሒክማ ትናንት በጠዋት ቤቴ መጣች፤ ከላይ የዝናብ ልብስ ደርባ፣ ጀርባዋ ላይ ጠበብ ያለች ቦርሳ አዝላ። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ገና ማካፋቱ ነበር። «አክስቴ፣ ተነሽ፤ ሐይቁ ዳር ደርሰን እንመለስ። ክረምት ነው ብሎ ቤት መዋል ስኳርሽን ይጨምረዋል» አለችኝ። ቦርሳው ምን እንደሆነ ብጠይቃት «ሸክም ነዋ። ክብደት ይዞ መራመድ የበለጠ ይጠቅማል ይላሉ» ብላ ወገቧን ወዘወዘችው። ሳቅኩ። ወዲያው ግን ፊቴ ሲግል ተሰማኝና ጫማ የምፈልግ መስዬ አልጋው ሥር አጎነበስኩ። ጫማዬ እኮ ፊት ለፊቴ ነበር።

ከጅዳ የተመለስኩት ገና ልጅ እግር ሳለሁ ነው። ስሄድ ነፋስ የሚወስደኝ ቀጫጫ ነበርኩ፤ ስመለስ የአውቶቡስ ወንበር ጠበበኝ። እመቤቶቼ የተረፋቸውን ሩዝና ጣፋጭ እንዳይደፋ እያሉ ለኔ ይሰጡኝ ነበር፤ እኔም እንዳይደፋ እያልኩ በላሁት። የከተማችን የሐይቅ ሰው ግን ሲያየኝ «ማሻአላህ፣ እንዴት አምሮብሻል!» ነበር የሚለው። ውፍረቴ የእናቴ ኩራት ሆነ። እናቴ ፋጡማ ሰርግም ቢሆን ለቅሶም ቢሆን እኔን ሳታስከትል አትሄድም፤ ደግሞ ሰው በደንብ እንዲያየኝ ከፊት ታስቀድመኛለች። እኔ ግን ትንሽ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ውሃ ጠጥቼም አልረካ አልኩ።

ደሴ ሄደን ተመረመርኩ። ሐኪሙ ስኳሩ ሊጀምረኝ ጫፍ ላይ እንደሆነ ነገረኝ። «ቅቤና ጣፋጭ ቀንሺ። ጎመን አብዢ፣ ገብስ ብዪ፣ በየቀኑ ተራመጂ። ዝናብ ነው ብለሽ እንዳትቀሪ» አለኝ። እናቴ በሚኒባስ ተመልሰን ከተማችን ስንደርስ «ጎመን?» አለች። ሌላውን ምክር የሰማችውም አልመሰለኝ።

እንዳትፈርዱባት። በኛ አገር ክረምት ማለት ያምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና በእርሻ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። በሐምሌ ጎመን የሚያበዛ ቤት ጎተራው የተጠረገ ቤት ነው። «ልጇን አረብ አገር ልካ ጎመን ትበላለች ቢባል ፊቴን የት ላድርገው?» አለችኝ። ሆኖም እናት ናትና ቀቀለችልኝ፤ በር ዘግታ፣ በትንሽ ድስት። ሽታው እንዳይወጣ ደግሞ ደጃፉ ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ታቁላላለች። መንደሩ ሁሉ የቁሌቱን ሽታ እየሳበ ሲያልፍ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ጎመኔን ያለ ቅቤ እውጣለሁ።

መራመዱ ደግሞ ባሰ። አሁን ባጃጅ መንገድ እስኪያጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት ወጣቱ ይሮጣል። ያኔ ግን ሰው የሚሄደው ጉዳይ ኖሮት ነው፤ ሴት ልጅማ ዝም ብላ አስፋልት ለአስፋልት ስትዞር አትታይም። በመጀመሪያው ቀን ያገኘኝ ሁሉ ደንግጦ «ማን ሞተ?» ይለኝ ጀመር። አፍሬ ከመንገድ ተመለስኩ። ዘዴውን ያመጣችው እናቴ ናት። ከጎተራችን ገብስ በከረጢት ሞላችና «ይችን አዝለሽ ሂጂ። ያየሽ ሁሉ ወፍጮ ቤት ነው ይላል» አለችኝ።

እውነትም ሰው ማን ሞተ ማለቱን ተወ። በየጠዋቱ ገብሴን አዝዬ በገበያው ጀርባ እወጣለሁ፤ ወፍጮ ቤቱን በጎን አልፌ፣ ጭቃው ጫማዬን እየጎተተው ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲጎትቱ ትንሽ ቆሜ አይና በሌላ መንገድ እመለሳለሁ። ከረጢቱን በር ኋላ አስቀምጠዋለሁ፤ በማግስቱ እንደገና አነሳዋለሁ። ዝናብ ይመታዋል፣ ላቤ ያርሰዋል። አንድም ቀን ፈትቼ አላየሁትም። ለኔ እህል መሆኑ ቀርቶ ነበር።

መንደሩ ግን አይኑን አላነሳም። በየቀኑ የሚያስፈጭ ቤት ድግስ ያለው ቤት ነው። ልጅቷ ባል አግኝታለች፣ ሰርጉን ደብቀውናል ተባለ። እናቴ ስትጠየቅ አዎ አትልም፣ አይደለም አትልም፤ «ኢንሻአላህ» ብላ ፈገግ ትላለች። ወሬው ጥሟት ነበር።

ከግድግዳችን ጥግ የሚኖሩት እትዬ በላይነሽ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ እኔን እንደ ልጃቸው ያሳደጉ ክርስቲያን ጎረቤታችን። በዚያ ክረምት ምግብ ቅረቡ ስንላቸው «ጾም ላይ ነኝ» ይሉ ነበር። የክርስቲያን ጾም ብዙ ነው ብለን ከዚያ በላይ አልጠየቅናቸውም። በልጉ እንዳልሆነላቸው የሰማን ቢሆንም ነገሩን ከጾማቸው ጋር አላገናኘነውም።

ነሐሴ እንደገባ አንድ ቀን ወንፊትና ሰፌድ በብብታቸው ይዘው መጡ። ሁለት ሴቶች ተከትለዋቸዋል። «ፋጡማ፣ ምነው እኔን ደበቅሽኝ? ዱቄቱን ልንፋላችሁ መጣሁ» አሉ። ድግስ ቤት ያገዘ ሰው ባዶ እጁን እንደማይወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸው የለመዱት ቤት ነው፤ በር ኋላ ያለውን ከረጢት ስበው ፈቱት።

ገብሱ በቅሎ ነበር። ነጫጭ ሥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ፣ ሞቅ ያለ የእርጥበት ሽታ ወጣው። እትዬ በላይነሽ ከረጢቱን አዩ፣ ቀጥሎ ጭቃ የነካውን ጫማዬን አዩ። ሴቶቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደሟቸው። «ይቺ ልጅ! ፍልሰታ ሲፈታ ለምጠምቀው ጠላ ብቅል እንዳጣሁ ማን ነገረሽ? አንቺ ጠላ አትቀምሺ፣ ለኔ ብለሽ ደከምሽ» አሉና ከረጢቱን አንስተው አቀፉት። እናቴ ሴቶቹ ሲወጡ «አላህ ይስጣቸው፣ ሸፈኑልን» አለች። እኔም ተመስገን አልኩ። ከዚያ ያለፈ ሐሳብ አልመጣልንም።

ማምሻውን ግን ብቻዬን አግኝተው «እውነቱን ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ስኳሩን፣ መራመዱን፣ ሸክሙን። አልሳቁብኝም። «ጎንበስ ቀና ማለት ከሆነ የታዘዘልሽ፣ ነገ ነይና ጤፌን አብረን እንረም» አሉ።

ሄድኩ። ወገቤ እስኪቆረጥ አረምን። ቀትር ላይ ከግራር ሥር ተቀመጥንና ነጠላቸውን ፈተው ያለ ዘይት የተቀቀለ ጎመንና ቆሎ አወጡ። እኛ በር ዘግተን የምንበላውን ጎመን እሳቸው ሜዳ ላይ ዘረጉት። ከቆሎው ዘግኜ አፌ ጨመርኩ። እንደ ሌላ ቆሎ አይደለም፤ ጣፈጠኝ። መዳፌን ሳየው እያንዳንዱ ገብስ ጫፉ ላይ ያረረች ቀጭን ጭራ አለችው።

«እትዬ፣ ጠላውስ?» አልኳቸው።

«የምን ጠላ፣ ልጄ» አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብዪ፣ ያንቺው ገብስ ነው።»

እሳቸው ሲርባቸው እኔ ስብ ለማራገፍ ገብስ ተሸክሜ በደጃቸው ስመላለስ ከርሜያለሁ፤ ያበላሸሁትን እህል ሌሊቱን በምጣድ አድርቀው፣ ቆልተው፣ መልሰው እኔን ጋበዙኝ። አፈርኩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ማታ ለእናቴ ስነግራት ተነስታ ከጎተራው እህል ሰፈረች። እትዬ በላይነሽ ተቀብለው መረቁን። የሳቸው ምርቃት ግን የኔን ሀፍረት አላወረደልኝም፤ እንዲያውም ያ ቀን ካለፈ በኋላ የበቀለ ገብስ ባየሁ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

አረሙን እስከ ክረምቱ መውጫ አብሬያቸው አረምኩ፤ ከሲታም ሆንኩ። እሳቸው አሁን የሉም። ስኳሩም ጫፍ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቶ በእርጅናዬ ገብቷል፤ ጎመኔንም በር ከፍቼ እበላለሁ።

ሒክማ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «አክስቴ፣ ላንቺም ቦርሳ ላዘጋጅልሽ?» አለች።

«መጀመሪያ ያንቺን ክፈችው» አልኳት።

ግራ ገብቷት ዚፑን ሳበችው። እጄን እስከ ታች ከትቼ ዳበስኩ። ቀዝቃዛ ነው፤ ይሻክራል።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም። አሸዋ መሆኑን ለማየት ነው» አልኩና ጫማዬን አጥልቄ፣ ባዶ እጄን ተከተልኳት።